ውሃው ገና ነው

ሰኞ

የመስታወት ሳጥኑ ዛሬ መጣ። ባለቤቴ የሥራ ጓደኛው ቤት ሲቀይር የተወለትን ነው ተሸክሞ ያመጣው። ሳሎን፣ ዝቅተኛው ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠና «ለሚጢ ነው፣ ዓሣ ትወዳለች» ብሎኝ ሻንጣውን አንስቶ ወጣ። መንገድ ቀያሽ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ያድራል፣ ቅዳሜና እሑድ ብቅ ይላል። እንግዲህ ሳጥኑም፣ ዓሣውም፣ ሚጢም ለእኔ ቀሩ ማለት ነው።

ሚጢ ልጁ ናት፣ ከቀድሞ ሚስቱ የወለዳት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ለሥራ ሥልጠና ራቅ ብላ ስለሄደች፣ እስክትመለስ እኛ ዘንድ ትቆያለች። ከመጣች ሳምንት አልፏታል። እስካሁን ከአፏ የሰማሁት «እሺ እትዬ» እና «አልራበኝም እትዬ» ነው። ዛሬ ሦስተኛ ቃል ተጨመረ። ዓሣ ትወጃለሽ ወይ ብላት «በፊት» አለችኝ።

ሳጥኑን በበረኪና አጠብኩት። አለቀለቅኩት። ደግሜ አጠብኩት። ሥራዬ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ መሣሪያ ማምከን ነው፤ እጄ ላይ የወደቀ ዕቃ በቀላሉ አይለቀቅም።

ማክሰኞ፣ ከሥራ በፊት

ልጅቱ ያለ ትራስ ነው የምትተኛው። ከቤቷ ይዛው የመጣችውን ትራስ በመጣች ማግስት በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ መልሼላት ነበር። የፀጉር ቅባት ጠግቦ ነበር። አሁን ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ እሷ ክንዷን ተንተርሳ ትተኛለች። ሲታጠብ ጥጡ ሟሽሾ ይሆናል። ሌላ ልግዛላት። ዛሬውኑ።

ማክሰኞ ማታ

ረሳሁት።

ሐሙስ

ዓሣ ሻጩ ጋ ሄድን፣ ሁለታችን። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ውሃ ተደርድሮበታል። ስንገባ ወበቁ መነጽሬን ሸፈነው። ሰውዬው ወሬ አይሰለቸውም፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል፣ በመሃል ደግሞ ስለ አማቱ ጉልበት ሕመም ያወራል። ካለው ውስጥ ግማሹን ያዝኩ መሰለኝ።

የያዝኩት ይኸው። ዛሬ ዓሣ አይሸጥልንም። ሳጥኑን ጠጠርና ውሃ ሞልተን፣ እንጨትና ተክል አስገብተን፣ ማሞቂያና ማጣሪያ ሰክተን፣ ባዶውን እናስሮጠዋለን። ለስንት ጊዜ ብለው «ውሃው እስኪዘጋጅ» አለ። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እንጨምራለን። ለማን? ለማንም። እንዲበሰብስ።

«ይበስብስ ነው የሚሉኝ?» አልኩት።

«ይበስብስ እንጂ። ባክቴሪያው ምን ይብላ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ የሚያስወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያን አውቀዋለሁ፣ ዓይን የሚያቃጥለው ያ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይመጣና አሞኒያውን በልቶ ወደ ሌላ መርዝ ይለውጠዋል። ሁለተኛ ዓይነት ይመጣና ያንን ይበላል። የሚቀረው ብዙም የማይጎዳ ነገር ነው፤ ተክሎቹ ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩት በአብዛኛው ማጣሪያው ውስጥ ባለው ስፖንጅ ላይ ነው። ቤታቸው ነው አለ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሳሳድዳቸው የኖርኳቸውን አሁን ልቀልባቸው ነው ወይ ስል፣ ልጅቱ ፊቷን ወደ ዓሣዎቹ አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ስቃ ይሁን ብርድ ይዟት አላውቅም፤ ሱቁ ግን ይሞቅ ነበር።

እሑድ

ሞላነው። ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ከሰዓት በኋላ ጠራ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ አየት አድርጎ «ዓሣው የታለ?» አለ። ነገሩን ሳስረዳው ጋዜጣውን አነሳ።

ማታ በረንዳ ላይ ሆኖ ከልጅቱ እናት ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ላዳምጥ ብዬ አይደለም፣ ልብስ እየሰበሰብኩ ነበር። «ደህና ናት። ዝም ትላለች እንጂ ደህና ናት። አዎ፣ እሷም ትሞክራለች» አለ።

«እሷም» እኔ ነኝ።

ሮብ፣ ሥራ ቦታ፣ ቸኩዬ

ትሞክራለች ማለት ምን ማለት ነው? የሚሞክር ሰው እኮ የሚያቅተው ሰው ነው።

ዓርብ

ባዶ ውሃ ማየት እንዲህ ልብ ይወስዳል ብዬ አላሰብኩም። ሳጥኑ ውስጥ ያስገባነው እንጨት ነጭ ፀጉር አበቀለ። ልነቅለው እጄን ስሰድ ልጅቱ «ይተዉት እትዬ፣ ራሱ ይጠፋል ብሏል ሰውዬው» አለችኝ። አላለም፣ መቼ አለ? አልኳት። የአማቱን ጉልበት ሲያወራ በመሃል ነው ያለው። ለካ እሷ ሁሉንም ሰምታው ኖሯል።

ሰውዬው የሸጠልንን የውሃ መመርመሪያ ጠብታ የምታንጠባጥበው እሷ ናት። ብልቃጥ ውስጥ የሳጥኑን ውሃ አድርጋ፣ ከሁለት ጠርሙስ ጠብታ ትጨምርና ትንጣለች፤ ከዚያ መስኮት ላይ ይዛው ቀለሙን ከካርዱ ጋር ታስተያያለች። ቢጫ ከሆነ አሞኒያ የለም፤ አረንጓዴ ከሆነ አለ። ዛሬ እንደ ጎመን ነው። «ጥሩ ነው?» አልኳት። «አሁን ጥሩ ነው፣ በኋላ ሲሆን ነው መጥፎ» አለች። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከእሷ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሩዙ አረረብኝ። በላነው።

ማክሰኞ

የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አገኘችኝና ባዶ ውሃ ስናይ እንደምናመሽ ባለቤቴ እንደነገራት ገለጸችልኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የሰው ልጅ ማሳደግ ከባድ ነው፣ ምንም ብታደርጊ የእንጀራ እናት ነሽ አለችኝ። በጎ አስባ ነው። እኔም በጎ አስቤ አመሰገንኳት። የደረጃውን መደገፊያ ብረት ግን በሶፍት እየጠረግኩ ነው ወደ ላይ የወጣሁት።

ከተክሉ ጋር ቀንድ አውጣ ገብቷል። ምስር የምታክል። ላወጣት ስል ልጅቱ ስም አውጥታላት ቆየችኝ፣ «ተከራይ» ትባላለች። ስም ያለውን ነገር መጣል ይከብዳል። ትቆይ።

ቅዳሜ

ቢጫ! ትናንትም ቢጫ፣ ዛሬም ቢጫ። ምግቡን ጨምረን አደርን፣ ጠዋት አሁንም ቢጫ። በልተውታል ማለት ነው። ዓይኔ የማያየው ስንት ሺህ ፍጥረት ሳሎኔ ውስጥ ሰፍሮ ሥራ ጀምሯል፤ እኔ ደግሞ ደስ ብሎኛል። ክሊኒክ ቢሰሙ ጉድ ነው።

ዓሣ አመጣን። ስድስት ኒዮን፣ ጎናቸው ላይ ሰማያዊ መብራት የመሰለ መስመር ያላቸው። ሁለት ጉፒ፣ አንደኛው ጅራቱ እንደ ቬሎ የሚጎተት፤ ሚጢ «ሙሽሪት» አለችው። ወንድ ነው ብላት «ይሁና» አለች። አንድ ደግሞ ጠጠሩን በጢሙ እየዳበሰ የሚዞር ባለ ጢም፣ እሱ «ተቆጣጣሪው» ተባለ። ከነፌስታሉ ውሃው ላይ አንሳፈፍናቸው፣ ሙቀቱን እስኪለምዱ። ከዚያ ትንሽ ትንሽ የሳጥኑን ውሃ እያስገባን ለቀቅናቸው። ኒዮኖቹ ተቃቅፈው ተክሉ ሥር ገቡ። ተቆጣጣሪው ግን ሳይውል ሳያድር ሥራ ጀመረ።

እራት ቆመን በላን፣ ሳጥኑ ፊት።

ሐሙስ ማታ

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ተነስቼ ዓሣዎቹን ላያቸው ስሄድ ልጅቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ቆሜ ቀረሁ። ከእነሱ ጋር በሹክሹክታ ታወራለች። ያልኩትን አልሰማሁም፤ ማለቴ ያለችውን። ተመልሼ ተኛሁ። ከዓሣ ጋር ልታወራ ትችላለች፣ ጥሩ ነው፣ ለዚያ ነው የመጡት።

ለምን ከእኔ ጋር አይሆንም ብዬ አልጠይቅም። ልጅ ናት።

ሮብ

ዓሣ ካመጣን ወር ሊሞላ ነው። ማጣሪያው አቅም አነሰው፣ ውሃውን ማንጠባጠብ ጀምሯል። ከፈትኩት። ስፖንጁ ቡናማ ንፍጥ ተሸክሟል፣ ሲነኩት ያዳልጣል። ዘጋሁት። እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ሆኖም አልወጣልኝም፤ ሌሊቱን ሙሉ ያ ንፍጥ ሳሎኔ ውስጥ እንዳለ ይታወቀኛል።

ባለቤቴ ደውሎ ሚጢ እንዴት ናት አለኝ። ደህና ናት አልኩ። ሁልጊዜ ደህና ናት።

ሐሙስ

ስፖንጁን ይዤው ሥራ ሄድኩ። የመጨረሻው ዙር ላይ፣ አውቶክሌቩ ውስጥ ቦታ ነበር፤ ያ በእንፋሎትና በግፊት መሣሪያ የምናመክንበት ማሽን ማለት ነው። ጠቅልዬ ከተትኩት። ሲወጣ ትንሽ ከመኮማተሩ በቀር አዲስ ሆኖ ነበር። አንዲት ጀርም የለችበትም። ማምሻውን መልሼ ሰካሁት፣ ውሃው እንደ ልቡ ፈሰሰ። ልጅቱ ክፍሏ ውስጥ ስለነበረች አላየችም።

ሰውዬው ቤታቸው ነው አለ እንጂ ቤት አይጠረግም አላለም።

ዓርብ፣ ሥራ ቦታ

ሐኪሟ ጠዋት ገብታ አፍንጫዋን ይዛ ዓሣ ያበሰለው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ማሽኑ የኩሬ ሽታ ይዟል። እኔ ነኝ አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ መሳቋን አቆመች። የቤት ዕቃ ወደዚያ ክፍል ሁለተኛ እንዳይገባ አለች። ማሽኑን ባዶውን ሁለቴ አስኬድኩት፣ መሣሪያውን ሁሉ እንደገና። ምሳ አልበላሁም። ይገባኛል።

እሑድ

ዓሣዎቹ ከላይ ተሰብስበው አየር ይጎርሳሉ። ሙቀቱ በዝቶባቸው ይሆን? ቴርሞሜትሩ ደህና ነው ይላል። ምግብ ጨመርኩላቸው።

ሰኞ

ሁለት ኒዮን ሞቱ። ሙሽሪትም። ልጅቱ ናት ጅራቱ ማጣሪያው ላይ ተጣብቆ ያገኘችው።

ጠብታውን አንጠባጠበች። ብልቃጡን መስኮት ላይ ስትይዘው አየሁ፤ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ዞር ብላ «እትዬ፣ ምን አደረግሽው?» አለችኝ። ነገርኳት። ስፖንጁን፣ ክሊኒኩን፣ ማሽኑን፣ ሁሉንም። እያወራሁ ድምፄ እየቀነሰ መጣ፤ ራሴው ስሰማው ገባኝ። ቤታቸውን ከነነዋሪው ነው የቀቀልኩት።

አልጮኸችም። «ትራሴንም እንደዚህ ነው ያደረግሽው» አለች። «እማዬን ነበር የሚሸተው።»

ክፍሏ ገብታ ዘጋችው። ከበሩ ጀርባ ለእናቷ ስትደውል ተሰማኝ። መቼ ነው የምትመጪው፣ ቶሎ ነይ፣ እዚህ ሁሉ ነገር ይታጠባል። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አለችው።

ሰኞ ሌሊት

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም፣ አፈርኩ። አንዲት ልጅ ከእናቷ ተለይታ ስትመጣ ይዛው የመጣችው አንድ ነገር ነበር፤ እኔ በተቀበልኳት ማግስት በሙቅ ውሃ ሽታውን አጥፍቼ፣ አስጥቼ፣ አጥፌ መለስኩላት። ይባስ ብዬ ሌላ ልገዛላት አስቤ ነበር። ጥጡ ሟሽሾ ይሆናል ብዬ።

ለምንድነው ንጹሕ ነገር ስሰጥ የሰጠሁ የሚመስለኝ? የመጣችበት ቀን አልጋዋን እንዴት አድርጌ እንዳነጠፍኩት፣ መጋረጃውን፣ መስኮቱን። አንድም አቧራ አልነበረም። አንድም የሚያውቃት ነገር አልነበረም።

የቀሩት ዓሣዎች ይተነፍሳሉ። መብራቱን አጥፍቼላቸዋለሁ፣ ያሳርፋቸው እንደሆነ። ምን እንደሚያሳርፋቸው አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ቸኩዬ

የዓሣ ሻጩ ሱቅ ዝግ ነው። በሩ ላይ «እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት። መቼ እንደሆነ አይልም። የማያቋርጥ ወሬውን ተመኘሁት።

ማክሰኞ ማታ

ልጅቱን ጠየቅኳት። በሩን አንኳኩቼ፣ ውጭ ቆሜ፣ ሰውዬው ዓሣ ሲታመም ምን ይደረግ ብሎ ነበር አልኳት። መልሱ በበሩ ስንጥቅ በኩል መጣልኝ። በየቀኑ ከውሃው ሲሶውን መለወጥ፣ ምግብ መቀነስ፣ ስፖንጁን አለመንካት። አዲሱ ውሃ በባልዲ አድሮ ክሎሪኑ ይውጣለት። ሙቀቱ እኩል ይሁን።

«ስፖንጁን አለመንካት» ስትል ጠበቅ አድርጋዋለች።

ሐሙስ

ባልዲ። ማንቆርቆሪያ። ቴርሞሜትር። ወገቤ።

ዓርብ

ሌላ ኒዮን ሞተ። ባልዲ።

ቅዳሜ

ዛሬ ባልዲውን ሳነሳ ሌላ እጅ ያዘው። አላየኋትም፣ አላየችኝም። አብረን ተሸከምን። ባለቤቴ ምንጣፉ ላይ ስለፈሰሰው ውሃ አንድ ነገር ሊል ጀምሮ የሁለታችንን ፊት ሲያይ ጋዜጣውን አነሳ። ምንጣፉን አልጠረግኩትም። ይደርቃል።

ሰኞ

አረንጓዴው ሳሳ። ተቆጣጣሪው ዛሬ ጠጠር ዳብሷል። ከላይ ወርዷል ማለት ነው።

ቅዳሜ

ቢጫ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ሚጢ ማጣሪያውን ከፍታ ባትሪ አብርታ «ነይ እይ» አለችኝ። ስፖንጁ ጠርዙ ላይ ቡናማ ጀምሮታል። ሁለታችን አጎንብሰን ቆሻሻ ስንመለከት ብዙ ቆየን። መጥተዋል አልኳት። መጥተዋል አለች። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ሠርጌ ቀን ጫማዬ ጠቦኝ ነበር።

ለምን ይመለሳሉ ግን? አንድ ጊዜ እንዲያ አድርጌያቸው። ምናልባት ጠጠሩ ውስጥ የተረፉ ነበሩ። ሚጢም እንደዚያ ነው የምትለው፣ ከጠጠሩ ነው አለች።

ማክሰኞ

እናቷ ደወለች። ሥልጠናው ቶሎ አልቋል፣ በሚመጣው ቅዳሜ ትመጣለች። ለሚጢ ትልቅ የዓሣ ሳጥን፣ አኳሪየም፣ ልትገዛላት ቃል ገብታለች። ባለቤቴ በስልክ ደስ ብሎታል፤ ቤቱ ሰፋ ይልልናል አለኝ።

ጥሩ ነው። ልጅ ከእናቷ ጋር ነው የሚያምርባት። ጥሩ ነው።

ሮብ

ጥሩ ነው እኮ። ሐኪሟ ምን ሆነሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ፣ ምንም አልኩ። ጓንት ግራና ቀኝ ለብሼ አንድ ሰዓት ሠርቻለሁ፣ ሁለቱንም የግራ።

ሐሙስ

ሱቁ ተከፍቷል። ሰውዬው አማቱን ሊያሳክም ሄዶ ነበር፣ ጉልበቷ ተሽሏል። ሁለታችንም ስለ አዲሱ አኳሪየም ልንጠይቅ ነው የገባነው፤ ሚጢ እናቷ ቤት ስትጀምር እንደኛ እንዳትቸገር ብዬ። እኔ ነኝ ያሰብኩት።

ያደረግኩትን ስነግረው ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ አለ። ከዚያ መላው ቀላል ነው አለ። እሱ ቢኖር ኖሮ ከራሱ ስፖንጅ በመቀስ ቆርጦ ይሰጠን ነበር። አዲሱም ቤት እንደዚያው ነው፤ ከአሮጌው ስፖንጅ ግማሹን ቆርጦ፣ በሳጥኑ ውሃ እንዳረጠቡት ወስዶ አዲሱ ማጣሪያ ውስጥ መክተት። ባክቴሪያው ከነቤቱ ተዛወረ ማለት ነው። ያኔውኑ ዓሣ ማስገባት ይቻላል፣ የምን መጠበቅ።

እንዴት ያለ ነገር ነው። ሕይወት በመቀስ ተቆርጦ ይወሰዳል፣ ሁለቱም ግማሽ ይኖራል። ሌላ ቀን ቢሆን ሰዓት ሙሉ እጠይቀው ነበር።

ሚጢ እየሰማች ነበር። ቤት ልንደርስ ስንል ጉፒ ስንት ዓመት እንደሚኖር ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ካላወቅሽ ማን ያውቃል አለችኝ።

ዓርብ ማታ

ልብሷን አጣጠፍኩ። አላጠብኩትም። እንዳለ ሻንጣው ውስጥ ገባ። መቀስ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ለጠዋት። ንጹሕ ፌስታልም።

ባለቤቴ ምነው አትተኚም አለ። መጣሁ አልኩት።

ቅዳሜ

እናቷ ከሰዓት በፊት መጣች። እንዳልወዳት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ግን መንገድ ያደከማት፣ ሳቋ የማይጎረብጥ ሴት ናት። ልጇን ስታቅፍ ዓይኗን ጨፍና ነው። እኔ ወደ ኩሽና ገብቼ ብርጭቆ ሳጥብ ቆየሁ፣ ንጹሕ ብርጭቆ።

ሻይ ጠጣን። ዓሣዎቹን አየች፣ ተቆጣጣሪውን ወደደችው። አዲሱ አኳሪየም መኪና ውስጥ ነው አለች፣ የዚህን እጥፍ ይሆናል። ዛሬውኑ ሞልተን፣ ማታውኑ እነዚህን ብናዛውራቸውስ? ሚጢ ዓሣዎቿን ይዛ ብትሄድ አይሻልም ወይ?

ባለቤቴ ሐሳቡን ወደደው። እኔ ወደ መሳቢያው ሄድኩ። እጄ መቀሱ ላይ ነበር።

«አይሆንም እማዬ» አለች ሚጢ። ወደ እኔ አላየችም፣ መስታወቱን በጣቷ እየተከተለች ነው። «ውሃው ገና ነው። መጀመሪያ ባዶውን ይሮጣል። ባክቴሪያው ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፣ ሳምንታት ነው የሚፈጀው። እስከዚያ ድረስ እኔ በየቅዳሜው እዚህ እየመጣሁ ውሃ እቀይራለሁ።»

እናቷ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው እንዴ? ሌላ መላ የለውም?»

ክሊኒክ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ያልመከነ መሣሪያ መክኗል ብዬ አላውቅም። አንድም ቀን። ሚጢ ጣቷን አቁማ ነበር። ተቆጣጣሪውም ቆሟል።

«የለውም» አልኩ። «ውሃ ጊዜውን ይፈልጋል።»

መሳቢያውን ገፍቼ ዘጋሁት።

ሻንጣውን አባቷ አወረደው። እናቷ ምስጋናዋን ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ፣ ከልቧ ነበር፤ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ሚጢ ደረጃው ላይ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ ወጣች፣ የረሳችው ነገር ያለ መስሎኝ በሩን ከፈትኩላት። አልረሳችም። አንገቴን ይዛ ወደ ታች ጎተተችኝና ጆሮዬ ላይ «ሳልመጣ ስፖንጁን እንዳትነኪው» አለችኝ።

አልነካውም አልኳት።